ፑንቲናውን አውጥተው ክራንክ ሴንሰር ለገጠሙ፦ ችግርና መፍትሄ

አሮጌ የካርቡሬተር ሞተር ላይ በፑንቲናው (የኮይሉን ኤሌክትሪክ በሚያቋርጠው ክፍል) ምትክ የክራንኩን መዞር በሴንሰር የሚያነብ ኤሌክትሮኒክ እሳት መግጠም ኮምቦልቻ ውስጥ ያን ያህል አይከብድም። ከክራንኩ ጋር የሚዞረውን፣ ሴንሰሩ የሚያነበውን ባለ ጥርስ ዲስክ ቶርኖ ቤት ይሠራልዎታል። ራስ ምታቱ ዋናው ሴንሰር ጠፍቶ በምትኩ የተገኘውን ሲያስሩ ነው።

ጠዋት ሞተሪኖው ያዞራል፣ ካንዴላው ግን እሳት የለውም
ደሴ ብርድ ላይ ይሄ ይበዛል። የገጠሙት ባለ ሁለት ሽቦ፣ የድሮው ባለ ጥቅል ሽቦ የኤቢኤስ (የፍሬን) ሴንሰር ከሆነ ቮልቴጁ የሚመጣው ከጥርሱ ፍጥነት ነው። ባትሪ ደክሞ፣ ዘይት ወፍሮ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር ሲግናሉ ይሞታል። መጀመሪያ ባትሪውን ይዩ። ከዚያ በሴንሰሩና በጥርሱ መካከል ያለውን ክፍተት ወደ 1 ሚሊሜትር ያጥብቡ።

ሲግናል ጭራሽ የለም
ኤ3144 የተባለችው ርካሽ ሆል ሴንሰር (ማግኔት ሲቀርባት ሲግናል የምትሰጥ) የምታየው የማግኔቱን አንድ ጫፍ ብቻ ነው። ማግኔቱን ገልብጠው ይሞክሩ። እምቢ ካለች በሲግናል ሽቦውና በ5 ቮልቱ መካከል ሬዚስተር መኖሩን ያረጋግጡ፤ 4.7 ኪሎ ኦም ይበቃል።

ኮምቦልቻ ደህና ነበር፣ የደሴ ዳገት ላይ ጠፋ፣ ሲበርድ ተነሳ
ሁሉም ካርቡሬተር ለመፍታት ይሮጣል። ነዳጅም ሊሆን ይችላል፤ ግን ቁልፍ ከማንሳትዎ በፊት ሴንሰሩ ላይ እርጥብ ጨርቅ ያድርጉበት። ወዲያው እሳት ከሰጠ ጥፋተኛው ሙቀት ነው። የኤ3144 "ኢ" ዓይነት እስከ 85 ዲግሪ ነው የሚችለው፣ "ኤል" ግን እስከ 150። ለማርሚታ ቅርብ ከሆነ በላሜራ ይከልሉት።

ሚኒሞ ላይ ጥሩ ነው፣ ጋዝ ሲሰጡት ይንተፋተፋል
ከፋብሪካ ማሽን የወጣ ፕሮክሲሚቲ ሴንሰር ገጥመው ይሆናል። ብረት ሲያይ ያበራል፣ ዘይትና አቧራ አይበግረውም፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን ቀርፋፋ ነው፤ ብዙዎቹ በሰከንድ ከጥቂት መቶ ጊዜ በላይ አይችሉም። ዲስኩ 36 ጥርስ ካለው በደቂቃ 3000 ዙር ላይ በሰከንድ 1800 ጊዜ ይሆናል። አይደርስበትም! ዲስትሪቢዩተሩ በቦታው ካለና ሞተሩ ባለ 4 ሲሊንደር ከሆነ በዲስኩ ላይ በተቃራኒ ጎን ያሉ 2 ጥርሶች ይበቃሉ፤ በዚያው ዙር 100 ብቻ ነው። መቆጣጠሪያውንም (ሲግናሉን ተቀብሎ እሳቱን የሚያዘውን ሳጥን) ለ2 ጥርስ ማስተካከል አይርሱ።

ያለቦታው ይተኩሳል
የሴንሰሩ ሽቦ ከካንዴላ ገመድ ጋር ታስሮ ይሆናል። ያራርቁት። መረብ የለበሰ ሽቦ ይጠቀሙ፤ መረቡን ማሳ የሚያደርጉት በአንድ ጫፍ ብቻ፣ በመቆጣጠሪያው በኩል ነው።