የቤቲንግ ቲኬት ከመቁረጥዎ በፊት፦ የውርርድ ዓይነቶችን እንዴት መለየት ይቻላል?

ከአያት እስከ ጣፎ፣ ከቱሉ ዲምቱ እስከ ኮዬ ፈጬ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ኳስ የሚታይባቸው ቤቶች ሲሞሉ ብዙ ወጣት እጅ ላይ ቲኬት አይጠፋም። ተጫዋቾቹን አብጠርጥሮ የሚያውቅ ሞልቷል። የቆረጠው ቲኬት በምን ሁኔታ እንደሚገባ (እንደሚያሸንፍ) እና እንደሚበላ (እንደሚሸነፍ) በደንብ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ማንንም ተወራረዱ እያልኩ አይደለም። የምትቆርጡ ከሆነ ግን የምትገዙትን ነገር እወቁት።

መጀመሪያ ኦድን ተረዱ። ኦድ ያስያዛችሁት ብር የሚባዛበት ቁጥር ነው። 100 ብር በ1.90 ከያዛችሁና ከገባላችሁ 190 ብር ትቀበላላችሁ፤ ትርፉ 90 ብር ብቻ ነው።

አሁን አንድ ስሌት አብረን እንስራ። ለባለሜዳው 1.90፣ ለአቻ 3.40፣ ለእንግዳው 4.00 ተሰጥቷል እንበል። 100ን ለእያንዳንዱ ኦድ አካፍሉት፤ 52.6፣ 29.4 እና 25 ይመጣል። ሲደመር 107 ነው። የአንድ ጨዋታ ዕድል ተደምሮ ከ100 በመቶ ሊያልፍ አይችልም። ያቺ ትርፍ 7 የቤቲንግ ቤቱ ድርሻ ናት። ማንም ያሸንፍ ማን፣ ቤቱ ኦዱን ከሚገባው ትንሽ ቀንሶ ነው የሚያቀርበው።

ቀጥሎ ዓይነቶቹን ለዩ። ሁሉንም በአንድ ጨዋታ እንያቸው፤ አርጀንቲና ከፈረንሳይ በተጫወቱበት በ2022ቱ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ። አርጀንቲና እስከ እረፍት 2 ለ 0 መራች። የፈረንሳዩ እምባፔ በ80ኛውና በ81ኛው ደቂቃ አከታትሎ አስቆጠረና መደበኛው ጊዜ 2 ለ 2 አለቀ። ከጭማሪው 30 ደቂቃ በኋላ 3 ለ 3 ሆነ፤ በመለያ ምት አርጀንቲና 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች።

1፣ ኤክስ፣ 2 የሚባለው በጣም የተለመደው ነው። 1 መጀመሪያ የተጻፈው ቡድን፣ ኤክስ አቻ፣ 2 ሁለተኛው ቡድን ነው። ታዲያ ያን ቀን ለአርጀንቲና 1 ብሎ የቆረጠ ሰው በላ? አልበላም! ይሄ ውርርድ የሚቆጠረው በ90 ደቂቃና ዳኛው በሚጨምረው ባከነ ሰዓት ነው፤ ስለዚህ የገባው ኤክስ ነው። «አርጀንቲና ዋንጫ ታነሳለች» ብሎ የቆረጠ ግን በልቷል። የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ላይ በየጊዜው ጭቅጭቅ የሚነሳው በዚህ ነው።

ደብል ቻንስ ሁለት ውጤት አንድ ላይ መያዝ ነው። «1 ወይም ኤክስ» ያለ ሰው በዚያ ፍጻሜ ይገባለት ነበር፤ ኦዱ ግን ዝቅ ያለ ነው። አቻ ሲሆን ብራችሁ ተመላሽ የሚሆንበት ሌላ ዓይነትም አለ።

ኦቨር እና አንደር የጎል ብዛት ላይ ነው። ኦቨር 2.5 ማለት ሦስትና ከዚያ በላይ ጎል ነው፤ አንደር 2.5 ደግሞ ሁለትና ከዚያ በታች። በ90 ደቂቃ 4 ጎል ስለተቆጠረ ኦቨሩ ገብቷል። ኦቨር 4.5 የያዘ ግን ተበልቷል፤ ጭማሪው ላይ የገቡት ሁለት ጎሎች አይታሰቡለትም። ጂጂ የሚባለው ደግሞ ሁለቱም ቡድኖች ያስቆጥራሉ ማለት ነው፤ ማን አሸነፈ የሚለው አያገባውም።

የእረፍትና የመጨረሻ ውጤትን አንድ ላይ መገመት፣ ትክክለኛ ውጤት መገመት፣ እነዚህ ኦዳቸው ያጓጓል። የሚያጓጓው አልፎ አልፎ ብቻ ስለሚገቡ ነው። ጀማሪ ባይነካቸው እመርጣለሁ።

ከሁሉም በላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ብዙ ጨዋታ የተደረደረበትን ቲኬት ነው። እኛ ሰፈር አብዛኛው ሰው የሚቆርጠው ይሄንን ነው። አምስት ጨዋታ እያንዳንዱ በ1.50 ቢሆን ኦዱ ተባዝቶ 7.59 ይሆናል። 20 ብር 152 ብር ገደማ ሆነ ማለት ነው። ደስ ይላል። ግን የእያንዳንዱ ጨዋታ እውነተኛ ዕድል 62 በመቶ ቢሆን፣ አምስቱም አብረው የሚገቡት ከ100 ጊዜ 9 ጊዜ ገደማ ነው። ኦዱ ሲባዛ የቤቱ ድርሻም አብሮ ይባዛል። በዚህ ስሌት በነጠላ ጨዋታ ከተወራረደ 100 ብር በአማካይ 93 ብር ይመለሳል፤ በባለ አምስቱ ግን ወደ 70 ብር ይወርዳል። በዚያው ዓለም ዋንጫ ሳዑዲ አረቢያ አርጀንቲናን 2 ለ 1 ስትረታ፣ ሌላው ሁሉ ገብቶለት በዚህች አንድ ጨዋታ ቲኬቱ የወደቀበትን ሰው አስቡት። የቤት ኪራይና የአስቤዛ ብር በእንዲህ ያለ ቲኬት ላይ መዋል የለበትም።

ቲኬቱ ከታተመ በኋላ ከመስኮቱ ሳትርቁ አንብቡት። የቡድኖቹ ስም፣ የመረጣችሁት ዓይነት፣ ኦዱና የብሩ መጠን ልክ መሆኑን አረጋግጡ። የተጻፈው ክፍያ ግብር ከመቆረጡ በፊት ነው ወይስ በኋላ ብላችሁ ጠይቁ። ጨዋታ ወደ ሌላ ቀን ቢተላለፍ ወይም ቢሰረዝ ምን እንደሚደረግም ጠይቁ፤ ብዙ ቦታ የተሰረዘው ጨዋታ ኦድ 1.00 ተብሎ ይያዝና ቲኬቱ በቀሪዎቹ ይቀጥላል።