የሚንቀጠቀጥ እጅና ካሜራ

ሱሉልታ በተደረገ አንድ ሠርግ ላይ ሙሽሮቹ ቀለበት ሲያጠልቁ ያነሣኋቸው ፎቶዎች በሙሉ ብዥ ብለው የወጡ ዕለት፣ ጥፋቱን በድንኳኑ መብራት ላይ ላላክክ ሞክሬ ነበር፤ እውነቱ ግን እጄ መንቀጥቀጡ ነበር። እንደ እኔ ዕድሜው ለገፋ ፎቶ አንሺ የምመክረው፣ ካሜራውን የመሸከሙን ሥራ ከእጁ ወስዶ ለሌላ ነገር እንዲያስረክብ ነው።

አስቀድመው ግን ሐኪም ያማክሩ፤ የታይሮይድ ዕጢ ከመጠን በላይ መሥራትም ሆነ እንደ ሳልቡታሞል ያለ የአስም መድኃኒት እጅን ሊያንቀጠቅጥ ይችላል። መንቀጥቀጡ እጅዎ ጭንዎ ላይ አርፎ ሳለ ይሁን ወይስ ስኒ ሲያነሡ፣ አስተውለው ይንገሩት፤ የፓርኪንሰንን በሽታ ከሌላው ለመለየት ይረዳዋልና። ቡናም ያባብሰዋል፤ ሥራ ባለበት ጠዋት አቦሉን ብቻ ቀምሰው ይነሡ፣ ጎረቤት በረካውን ጥለው መሄድዎን ቢታዘብም።

ለእኔ የጠቀመኝ ዱላ ነው። ቁመቱ እስከ ደረት የሚደርስ ቀጥ ያለ ዱላ መሬት ላይ ተክለው ጫፉን በግራ እጅዎ ይጨብጡ፣ ሌንሱን በጭብጥዎ ላይ ያሳርፉ፣ ክርኖችዎንም ከጎንዎ ያጣብቁ። ተቀምጠው ሲያነሡ ወይም የድንጋይ አጥር ሲያገኙ ደግሞ ግማሽ ድረስ ሽምብራ የተሞላ ትንሽ የጨርቅ ከረጢት ይበልጣል፤ ሽምብራው እየተንሸራተተ ለካሜራው ጎድጓዳ ይሠራለታል። ከረጢቱን ጢም አድርገው ከሞሉት ግን እንደ ድንጋይ ይጠጥርና ካሜራው ይንከባለላል። በመስከረም አደይ አበባን በቅርበት ለማንሣት ከረጢቱን መሬት ላይ አኑሬ በሆዴ እተኛለሁ፤ አበባውን ራሱን ነፋስ ሲወዘውዘው ግን ከመጠበቅ በቀር መላ የለውም።

በተለመደው ስሌት ለ50 ሚሊሜትር ሌንስ የመዝጊያው ፍጥነት (ብርሃን ወደ ካሜራው የሚገባበት ጊዜ) 1/50 ሰከንድ ቢሆን ይበቃል ይባላል፤ እጁ ለሚንቀጠቀጥ ሰው ግን ከ1/200 ሰከንድ ባይዘገይ ይመረጣል። በእንጦጦ ባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ብርሃን ሲያጥር አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ትብነት) ወደ 1600 ወይም 3200 ከፍ ማድረግን አይፍሩ፤ ብዥ ካለ ፎቶ የሻከረ ፎቶ ይሻላል።

ቁልፉን መጫኑ ራሱ ካሜራውን ስለሚያናውጠው፣ ካሜራው ከረጢት ላይ ካረፈ የ2 ሰከንድ ማዘግያውን ይጠቀሙ። በእጅ ሲይዙት ግን ትንፋሽዎን በዝግታ እያስወጡ አራት አምስት ፎቶ በተከታታይ ያንሡ፤ የመጀመሪያውን የጣት ግፊት ብዙ ጊዜ ስለሚያበላሸው፣ ሲመርጡ ከመካከለኞቹ ይጀምሩ።