ላጉንን በሦስት ብርጭቆ

ደሴ ተቀምጦ ስለ ባሕር ሙላትና ጉድለት ማውራት ያስቃል፣ አውቃለሁ። ግን በላጉን፣ ማለትም ከባሕሩ በአሸዋ ተከልሎ በጠባብ አፍ ብቻ በሚገናኝ ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ፣ ዙፕላንክተንን፣ ማለትም ውሃው እንዳሻው የሚወስዳቸውን ጥቃቅን እንስሳት፣ ዋናው የሚፈትናቸው ጨው ነው። ጨው ደግሞ ኩሽናችን ውስጥ አለ።

መጀመሪያ መረብ ሥሩ። የአሮጌ ስቶኪንግ ጫፍ ቆርጣችሁ ትንሽ ሃይላንድ እሰሩበት፣ አፉን በሽቦ ቀለበት ወጥሩት። ሮቲፈር የሚባለው እጅግ ደቃቅ እንስሳ በቀዳዳው ያመልጣል፤ ኮፔፖድና የዳፍኒያ (የውሃ ቁንጫ) ዘመዶች ግን፣ ሁለቱም የሽሪምፕ ሩቅ ዘመድ የሆኑ ጥቃቅን እንስሳት፣ ይቀራሉ፣ ለኛ ይበቃል። ሐይቅ ከተማ አጠገብ ያለው ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሲመሻሽ ድረሱ፣ ቀን ቀን ብዙዎቹ ወደ ጥልቁ ይወርዳሉ። እኔ የመጀመሪያ ቀን በቀትር ሄጄ ከዳር ስጎትት ውዬ ጭቃ ይዤ ተመለስኩ። ታንኳ ለምኑ።

ቤት ስትገቡ መብራት አጥፉና በስልክ ከጎን አብሩበት። ነጥብ የምታክል ነገር እመር ብላ ቀጥ ካለች ኮፔፖድ ናት።

አሁን ሦስት ብርጭቆ፣ በየአንዳንዱ ሩብ ሊትር የሐይቅ ውሃ፣ ሃያ ሃያ እንስሳ። አንዱን አትንኩት፤ እዚያም ከሞቱ ጥፋቱ የጨው አይደለም። ሁለተኛው ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥቂት ውሃ አሟሙታችሁ በአንዴ ጨምሩ። ይህ በሊትር 12 ግራም ገደማ ይሆናል፣ የባሕር ውሃ 35 አካባቢ ስለሆነ ሲሶው ነው። ሦስተኛው ላይ ያንኑ ጨው ለአምስት ቀን አካፍሉት። ጠዋትና ማታ የሚንቀሳቀሱትን ቁጠሩ።

ሁለተኛው ብርጭቆ የላጉን አፍ ነው። በብዙ ዳርቻዎች ባሕር በየ12 ሰዓት ከ25 ደቂቃው ስለሚሞላ፣ እዚያ ያለ ኮፔፖድ በስድስት ሰዓት ውስጥ ከቀላል ጨው ወደ ባሕር ጨው ሊገባ ይችላል፤ እንደ አካርሺያ ያሉ የጨው ለውጥ ቻይ ኮፔፖዶች የሚበዙትም ለዚህ ነው። ሦስተኛው ብርጭቆ የወቅት ለውጥ ነው። ናይጄሪያ ሌጎስ ላጉን ውስጥ በዝናብ ወራት ወንዞች ሲሞሉ ጨው ሊጠፋ ይደርሳል፣ በበጋ ባሕሩ ይመለሳል። በዝናቡ ወራት የዙፕላንክተኑ ማኅበረሰብ ራሱ ይለወጣል፣ የወንዝ ሮቲፈሮች የባሕር ኮፔፖዶችን ይተካሉ።

ብርጭቆ የማያሳየው አንድ ነገር አለ። አንዳንድ እጮች ውሃው ሲሞላ ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ሲጎድል ወደ ታች ይሰምጣሉ፤ ጠርጎ እንዳይወስዳቸው። ስለዚህ አንድ ቀን እውነተኛ ላጉን ላይ ከደረሳችሁ በሙላትም በጉድለትም፣ ከላይም ከታችም ቅዱ። ጨዋማው ውሃ ከባድ ስለሆነ ከሥር ይተኛል።

ጨው የገባበትን ውሃ ሐይቅ ውስጥ አትድፉ። ስቶኪንጉን አጥባችሁ ጥላ ላይ አስጡት።