አጭበርባሪን ደጅ የሚያስቀር የቤት ስልክ አመራረጥ

እዚህ ሜሪላንድ እናቶቻችን ከሞባይል ይልቅ የቤት ስልክ ይወዳሉ። ከጮኸ ያነሳሉ። አጭበርባሪውም ይህንን ያውቃል። «ከሶሻል ሴኩሪቲ ነው የምንደውለው፣ ልትታሰሪ ነው» ይልና ጊፍት ካርድ ግዢ ይላል። ለእማዬ ስልክ ስመርጥ ያሳሰበኝ እሱ ነው።

ካርቶኑ ላይ «1,000 ቁጥር ያግዳል» የሚል ታያላችሁ። በዚህ ብቻ አትግዙ። አጭበርባሪ ቁጥር ይቀያይራል፤ አንዳንዴም የሰፈራችሁን የ301 ኮድ አስመስሎ ይመጣል። እያንዳንዱን እየተከተሉ ማገድ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው። ከ2003 ጀምሮ ያለው አትደውሉብኝ የሚባለው የመንግሥት መዝገብም ጥሩ ነው፣ ተመዝገቡ፤ ግን የሚያከብረው ሕጋዊ ነጋዴ ብቻ ነው።

የሚበጀው ደዋዩን ስሙን የሚጠይቀው ስልክ ነው። ቪቴክና ኤቲኤንድቲ የሚባሉት የስልክ ብራንዶች «ስማርት ኮል ብሎከር» ይሉታል። ስልኩ ላይ በተመዘገበው የቁጥር ማውጫ ውስጥ የሌለ ሰው ሲደውል ስልኩ ራሱ ያነሳና «ስምህን ተናገርና መሰላሏን (#) ተጫን» ይለዋል። ይህን ካደረገ ስሙን ያሰማችኋል፤ መቀበልም መከልከልም የእናንተ ነው። የተቀዳ መልእክት የሚለቅ ማሽን እዚያው ይቀራል።

እኛን የሚቸግረን ጥያቄው በአማርኛ አለመሆኑ ነው። ከደሴ የምትደውል አክስት ግራ ገብቷት ትዘጋዋለች። ስለዚህ ማጣሪያውን ከመክፈታችሁ በፊት የዘመዶችን ቁጥር አስገቡ። አንድ ጊዜ አስደውሏቸውና ስክሪኑ ላይ የመጣውን እንዳለ መዝግቡ፤ አንዱ በ251፣ ሌላው በ011251 ሊጀምር ይችላል። በካርድ ወይም በአፕ የሚደውል ደግሞ ቁጥሩ ሊለዋወጥ ስለሚችል ምን ማድረግ እንዳለበት አስቀድማችሁ ንገሩት። በአማርኛ ስሙን ቢናገርም ይሠራል፤ ስልኩ የሚቀዳው ድምፅ ነው።

ፋርማሲና ክሊኒክ ቀጠሮ የሚያስታውሱት ብዙ ጊዜ በማሽን ነው። ማሽን ስሙን ተናግሮ መሰላል አይጫንም፤ የእነሱንም ቁጥር መዝግቡ። ይህንን የሚዘነጋ ሰው ብዙ ነው፣ የሚጎዱት ግን መድኃኒት የሚጠብቁት እናት ናቸው።

መስመራችሁ ኮለር አይዲ (የደዋዩን ቁጥር የሚያሳይ አገልግሎት) እንዳለው አረጋግጡ፤ ያለ እሱ ስልኩ ማን እንደደወለ አያውቅም። ሁለት እጀታ ያለው፣ ቁልፉ ትልልቅ፣ ድምፁ ከፍ የሚል ይሁን። መብራት ሲጠፋ አብዛኛው ገመድ አልባ ዝም ይላል፤ የድሮውን ባለገመድ አትጣሉት። አውሮፓ ላለ ዘመድ ግን ከዚህ ገዝታችሁ አትላኩ፤ ዴክት 6.0 የሚባለው የአሜሪካ ገመድ አልባ ስልክ የሚጠቀመው ሞገድ ከአውሮፓው ይለያል።

ሁሉን ስትጨርሱ ማውጫው ውስጥ በሌለ ቁጥር ደውላችሁ ሞክሩት። እናታችሁ ስሙን ሰምተው የትኛውን ቁልፍ እንደሚጫኑ አጠገባቸው ሆናችሁ አለማምዷቸው።