ራዲካል ሲመጣ ቅንፉ የት ይገባል?

የእህቴ ልጅ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ዘጠነኛ ክፍል ትማራለች። እኔ ደብረ ብርሃን ነኝ። ማታ ማታ እራት ከተበላ በኋላ ትደውልልኛለች። ኬሚስትሪ በስልክ ማስረዳት ከባድ ነው። ሰሌዳ የለም፣ ጠመኔ የለም፣ ሁሉንም በአፍ መጥራት ነው። ግን ፎርሙላ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ስህተቱ ቶሎ እንደሚያዝ ያወቅሁት በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለዚህ እዚህም ፎርሙላዎቹን በስልክ እንደምንጠራቸው፣ በእኛው ፊደል ጽፌያቸዋለሁ። እናንተ ደብተራችሁ ላይ በላቲን ፊደል ጻፏቸው፤ ቁጥሮቹን ደግሞ አነስ አድርጋችሁ ወደ ታች ዝቅ አድርጓቸው። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ትልቁንና ትንሹን ፊደል ለዩ። ትልቁ ሲ እና ትልቁ ኦ ካርቦንና ኦክስጅን ናቸው። ኦ ትንሹ ከሆነ ግን ኮባልት ሆነ ማለት ነው። ለዚህ ነው ካልሲየምን "ትልቁ ሲ፣ ትንሹ ኤ" ብላ እንድትጠራልኝ የማደርጋት።

ፖሊአቶሚክ አዮን ማለት ሁለት ወይም ከዚያ በላይ አተሞች ተያይዘው፣ አንድ ላይ ሆነው የኤሌክትሪክ ቻርጅ (ፖዘቲቭ ወይም ኔጌቲቭ) የተሸከሙበት ቡድን ነው። ብዙ መምህራን ራዲካል ይሉታል። እኔ ለልጅቷ ነዶ አልኳት። መንዝ ያደገ ልጅ ነዶ ያውቃል። ገብስ ሲታጨድ ይታሰራል። ወደ አውድማ ሲጋዝ የሚቆጠረው ነዶው ነው እንጂ አንድ አንዱ አገዳ አይደለም። መንገድ ላይም ማንም ነዶ አይፈታም። ሰልፌትም እንደዚያ ነው። አንድ ሰልፈርና አራት ኦክስጅን፣ ኤስኦ4፣ አንድ ላይ ታስረው ኔጌቲቭ 2 ይይዛሉ። ሁለት ሰልፌት ካስፈለገ ሁለት ነዶ ይመጣል። ውስጡን ማንም አይነካውም።

የነዶዎቹን ስም፣ ፎርሙላና ቻርጅ መሸምደድ ግን የግድ ነው። ለዚህ አቋራጭ የለም። በሰባት ጀምሩ። አሞኒየም፣ ኤንኤች4፣ ፖዘቲቭ 1 ነው፤ ከሰባቱ ፖዘቲቭ እሱ ብቻ ነው። ሃይድሮክሳይድ ኦኤች፣ ናይትሬት ኤንኦ3 እና ሃይድሮጅን ካርቦኔት ኤችሲኦ3 ኔጌቲቭ 1 ናቸው። ካርቦኔት ሲኦ3 እና ሰልፌት ኤስኦ4 ኔጌቲቭ 2 ናቸው። ፎስፌት ፒኦ4 ኔጌቲቭ 3 ነው። ልጅቷ በካርድ ጽፋ ግድግዳ ላይ ለጥፋቸዋለች። በሳምንቱ ሳታይ ትጠራቸው ጀመር።

አሁን ወደ መጻፉ። የምሠራው የግብርና ግብዓት መጋዘን ውስጥ ነውና ምሳሌዎቼ ከዚያው ናቸው። አሲዳማ ለሆነ አፈር ገበሬው የሚወስደው ኖራ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ካልሲየም ካርቦኔት። ካልሲየም ፖዘቲቭ 2፣ ካርቦኔት ኔጌቲቭ 2። እኩል ስለሆኑ ተጠፋፉ፣ ድምሩ ዜሮ ሆነ። አንድ ለአንድ፣ ሲኤሲኦ3። አለቀ።

ያው ድንጋይ በምድጃ ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይለቅና ካልሲየም ኦክሳይድ ይሆናል፤ ሲኤኦ። ይህ ራዲካል የለበትም። ውሃ ሲጨመርበት ደግሞ ግድግዳ የሚቀባው ኖራ ይወጣል፤ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ። በአማርኛ ሦስቱንም ኖራ እንላቸዋለን፣ ፎርሙላቸው ግን ሦስት ነው። የመጨረሻው ላይ ቆም እንበል። ካልሲየም ፖዘቲቭ 2፣ ሃይድሮክሳይድ ኔጌቲቭ 1። ለአንድ ካልሲየም ሁለት ሃይድሮክሳይድ ያስፈልጋል። ሲኤ(ኦኤች)2።

እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ ፈተና ላይ ቅንፉን ትቼ ሲኤኦኤች2 ብዬ ጽፌ ነበር። አስተማሪው በቀይ አሰመረበት፣ ለምን እንደሆነ ግን አልነገረኝም። ለዓመታት ቅንፍ ለማሳመር የሚገባ ይመስለኝ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ቁጥር የሚያበዛው ከእሱ በፊት የተጻፈውን ብቻ ነው። ቅንፍ ከሌለ 2ቱ ሃይድሮጅንን ብቻ ይይዝና ኦክስጅን አንድ ሆኖ ይቀራል። ቅንፍ ካለ ግን ነዶው በሙሉ ሁለት ይሆናል። ቅንፍ የነዶው ማሰሪያ ነው። ነዶው አንድ ብቻ ከሆነ ቅንፍ አያስፈልግም፤ ለዚህ ነው ሲኤሲኦ3 ላይ ያልገባው።

ቻርጆቹ እኩል ካልሆኑ ተማሪዎች ክሪስክሮስ የሚሉትን ተጠቀሙ። የአንዱ ቻርጅ ቁጥር ወደ ሌላው እግር ይወርዳል። ለመጠጥ የሚሆን ውሃ ሲጣራ ጭቃው እንዲዘቅጥ የሚጨመረውን አሉሚኒየም ሰልፌትን እንውሰድ። አሉሚኒየም ፖዘቲቭ 3 ነው፣ ሰልፌት ኔጌቲቭ 2። 3ቱ ወደ ሰልፌት፣ 2ቱ ወደ አሉሚኒየም። ኤኤል2(ኤስኦ4)3። ሁልጊዜ አረጋግጡ፦ ሁለት አሉሚኒየም ፖዘቲቭ 6፣ ሦስት ሰልፌት ኔጌቲቭ 6፣ ድምሩ ዜሮ። አተሞቹንም ቁጠሩ፦ 2 አሉሚኒየም፣ 3 ሰልፈር፣ 12 ኦክስጅን። ክሪስክሮስ 2 እና 2 ከሰጣችሁ አቃልላችሁ አንድ ለአንድ አድርጉት። ስታቃልሉ ግን የውጭውን ቁጥር ብቻ ነው፤ ሰልፌት ውስጥ ያለውን 4 እንዳትነኩት።

አሞኒየም ሲመጣ ቅንፉ ወደ ፊት ይመጣል። አሞኒየም ሰልፌት (ኤንኤች4)2ኤስኦ4 ነው። አሞኒየም ናይትሬት ላይ ደግሞ ልጅቷ ተሳስታ ነበር። ሁለቱም ቻርጃቸው 1 ስለሆነ አንድ ለአንድ መሆኑን አውቃለች። ከዚያ ግን ናይትሮጅኖቹን ደምራ ኤን2ኤች4ኦ3 ብላ ጻፈች። ቁጥሩ ልክ ነው፣ አጻጻፉ ግን ሁለቱን ነዶ ፈትቶ ቀላቀላቸው። ትክክሉ ኤንኤች4ኤንኦ3 ነው። አንዱ ናይትሮጅን የአሞኒየም ነው፣ ሌላው የናይትሬት። ሲጻፍም ተለይቶ መታየት አለበት።

በነገራችን ላይ፣ ቅንፍ ያለበት ሁሉ ራዲካል አይደለም። ዩሪያ ሲኦ(ኤንኤች2)2 ተብሎ ይጻፋል፣ ግን አዮን የለበትም።

መሰየሙ ከመጻፉ ይቀላል። ፖዘቲቩ ይቀድማል፣ ኔጌቲቩ ይከተላል፣ ቁጥር አይጠራም። ሲኤ(ኦኤች)2 ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው እንጂ "ካልሲየም ዳይሃይድሮክሳይድ" አይደለም። የዳቦው ቤኪንግ ሶዳ፣ ኤንኤኤችሲኦ3፣ ሶዲየም ሃይድሮጅን ካርቦኔት ነው።

እንደ ብረት (አይረን፣ ኤፍኢ) ያለ ከአንድ በላይ ቻርጅ ሊይዝ የሚችል ሜታል ሲመጣ ግን ቻርጁ በሮማን ቁጥር ይነገራል። እዚህ ላይ ወደ ኋላ መሥራት አለባችሁ። ኤፍኢ2(ኤስኦ4)3 ቢሰጣችሁ ከሰልፌት ጀምሩ። ሦስት ሰልፌት ኔጌቲቭ 6። ስለዚህ ሁለቱ ብረቶች ፖዘቲቭ 6 ይካፈላሉ፣ ለእያንዳንዳቸው 3። አይረን ሦስት ሰልፌት። ኤፍኢኤስኦ4 ከሆነ ደግሞ አይረን ሁለት ሰልፌት ነው። የድሮ ስሙ ፌረስ ሰልፌት ነው፤ ለነፍሰ ጡር ሴት በሚሰጠው የብረት እንክብል ላይ የሚነበበው ስም።

ሌላው ጣጣ የስሙ መጨረሻ ነው። አንድ ማታ ኔትወርኩ ይቆራረጥ ነበር። እኔ "ሶዲየም ሰልፋይት" እላለሁ፣ እሷ "ሶዲየም ሰልፋይድ" ትሰማለች። ኤንኤ2ኤስ ብላ አነበበችልኝ። ሰልፋይድ ሰልፈር ብቻውን ነው፣ ኦክስጅን የለውም። ሰልፋይት ኤስኦ3 ነው፣ ሰልፌት ኤስኦ4። "ኤት" ያለው ከ"አይት" አንድ ኦክስጅን ይበልጣል፣ ቻርጃቸው ግን እኩል ነው። ናይትሬት ኤንኦ3፣ ናይትራይት ኤንኦ2 እንደሚባለው። ሃይድሮክሳይድ ግን እንዳያታልላችሁ፤ በ"አይድ" አልቆም ራዲካል ነው። አሁን በስልክ ስነግራት መጨረሻውን ሁለቴ እጠራለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ከአያቷ ቤት ደወለች። ገብስ የተቀመጠበት አሮጌ የማዳበሪያ ከረጢት ላይ ዳፕ የሚል ጽሑፍ አይታ ነው። ማዳበሪያው አልቆ ዓመታት አልፈዋል፣ ከረጢቱ ግን ዛሬም እህል ይይዛል። "አክስትዬ፣ ዳይ አሞኒየም ፎስፌት ይላል። ዳይ አይባልም ብለሽኝ አልነበር?" አለችኝ።

ደስ አለኝ። የንግድ ስም ነው አልኳት፤ በሕጉ ከሄድን አሞኒየም ሃይድሮጅን ፎስፌት ነው። ፎስፌት ኔጌቲቭ 3 ነበር፣ አንድ ሃይድሮጅን ሲይዝ ኔጌቲቭ 2 ይሆናል። ቀሪውን ራሷ እንድትሠራ ዝም አልኩ። እርሳስ ስትፈልግ፣ አያቷም "ምንድን ነው የምታነቢው?" ሲሏት ይሰማኛል። ከዚያ ቀስ ብላ አነበበችልኝ፦ (ኤንኤች4)2ኤችፒኦ4። ሃይድሮጅኑ ስንት ነው አልኳት። "ስምንት" አለች። ትንሽ ቆይታ፣ "አይ፣ ከፎስፌቱ ጋር ያለው ተረስቶኝ ነው፤ ዘጠኝ።"