ልጆችን ኬሚስትሪ ከኩሽና ማስጀመር

ልጆቻችሁን ኬሚስትሪ ልታለማምዱ ካሰባችሁ በፎርሙላ አትጀምሩ፣ ኩሽና ውስጥ ያለው ነገር ለመጀመሪያ በቂ ነው። አንድ ነገር ግን አደራ፣ ውጤቱን ቀድማችሁ እንዳትነግሯቸው። "ምን የሚሆን ይመስልሃል?" በሉትና ግምቱን ይጻፈው ወይ ይሳለው፣ ከዛ ይሞከር። ግምቱ ሲሳሳት ነው ራሱ "ለምን?" ማለት የሚጀምረው፣ እኛ የምንፈልገውም ያን ጥያቄ ነው።

እኔ ሁሌ የማስቀድመው ቀዩን ጥቅል ጎመን ነው። ትንሽ ክተፉና ፈላ ውሃ አፍስሱበት (ይሄን እናንተ ስሩት፣ ለልጅ አይሰጥም)፣ 10 ደቂቃ ያህል ይቆይና አጥልሉት፣ ሲቀዘቅዝ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ውሃ ይኖራችኋል። እሱን በ3 ብርጭቆ እኩል እኩል ቅዱ። አንዱ ላይ ሎሚ ጭመቁ፣ ሌላው ላይ ቤኪንግ ሶዳ ጨምሩ፣ ሶስተኛውን ግን አትንኩት፣ እሱ ማነጻጸሪያ ነው። ሎሚው ወደ ሮዝ ይወስደዋል፣ ሶዳው ወደ ሰማያዊ፣ አንዳንዴም ወደ አረንጓዴ። ምክንያቱ ጎመኑ ውስጥ አንቶሲያኒን የሚባል ቀለም አለ፣ አሲድ (እንደ ሎሚው) ሲያገኝና ቤዝ (የአሲድ ተቃራኒ፣ እንደ ሶዳው) ሲያገኝ ሞለኪውሉ ስለሚለወጥ መልኩም ይለወጣል። የሎሚ ፒኤች (አሲድነትና ቤዝነት የሚለካበት ቁጥር) ወደ 2 ነው የሶዳው ደግሞ ወደ 8፣ አሲድም ቤዝም ያልሆነው 7 መሃል ላይ ነው፣ ለትልልቆቹ ይሄን ብትነግሯቸው ጥሩ ነው ለትንንሾቹ ግን ቀለሙ ራሱ ይበቃል።

እዚህ ላይ ቶሎ አትለፉ። አቼቶ፣ ስኳር፣ ጨው፣ የእጅ ሳሙና፣ ያገኘውን ይሞክር፣ ማንኪያውን ግን በየመሃሉ ይጠበው አለዚያ ውጤቱ ይደባለቅበታል። ስኳርና ጨው ምንም አይለውጡም፣ "ምንም አልሆነም" ደግሞ እንደ ውጤት ይመዝገብ። ከዛ ሮዝ የሆነው ላይ ቀስ እያለ ሶዳ ይጨምር፣ አረፋ እየወጣው ወደ ወይን ጠጅ ሲመለስ ያየዋል።

ያ አረፋ ከየት መጣ ካለ ወደ ፊኛው እለፉ። ጠባብ አፍ ያለው ጠርሙስ ውስጥ 100 ሚሊ ሊትር አቼቶ አድርጉ፣ ፊኛው ውስጥ 1 የሻይ ማንኪያ ሶዳ፣ ፊኛውን አፉ ላይ አጥልቃችሁ ሶዳውን ወደ ታች ማራገፍ ነው፣ የሚነፋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። በአዲስ አቼቶ በ2 ማንኪያ ድገሙት፣ ከዛ በ3። ከ2 ወደ 3 ሲሄድ ፊኛው ብዙም አይጨምርም ምክንያቱም አሲዱ አልቋል፣ ሶዳው ታች ተርፎ ይቀራል። ጠርሙሱን በክዳን እንዳትዘጉት፣ ሊፈነዳ ይችላል።

የእንቁላል ሙከራውም ቀላል ነው፣ ጥሬ እንቁላል ከነቅርፊቱ አቼቶ ውስጥ ከ1 እስከ 2 ቀን ይቀመጥ። ቅርፊቱ ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ አሲዱ ይበላዋል፣ ላዩ ላይ የምታዩት አረፋም ያው የፊኛው ጋዝ ነው፣ ግን አትንገሩት ራሱ ያገናኘው። ጥሬ ስለሆነ ከነኩት በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠብ።

በረኪና እዚህ ጨዋታ ውስጥ ፈጽሞ አይግባ፣ ከአቼቶ ጋር ከተቀላቀለ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ለሙከራ የወጣ ነገርም ምግብ ቢሆን አይቀመስም። የተረፈውን በብዙ ውሃ ድፉት፣ ያልተነካው የጎመን ውሃ ግን ፍሪጅ ውስጥ ለጥቂት ቀን ያገለግላል፣ ማንም እንዳይጠጣው ጻፉበት።