የልብ ቫልቭ ቀዶ ሕክምና ዋጋ ስትጠይቁ

ከድሬዳዋ ወይም ከሐረር ለልብ ቫልቭ (ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከፈትና የሚዘጋው የልብ በር) ቀዶ ሕክምና አዲስ አበባ ልትሄዱ ነው? ወይስ ከውጭ ሆስፒታል ዋጋ ተልኮላችኋል? እባካችሁ ድምሩን ብቻ አይታችሁ አትወስኑ። ምን ምን እንደሚያካትት በጽሑፍ ይስጧችሁ። የሚተካው ቫልቭ ራሱ ዋጋው ውስጥ አለ? የጽኑ ሕሙማን ክፍል ስንት ቀን ታስቧል? ደሙስ፣ መድኃኒቱስ? ቫልቩን ለብቻ የሚያስከፍል ሆስፒታል መጀመሪያ ላይ ርካሽ ይመስላል።

ሐኪሙን ደግሞ ቫልቩ ከመቀየር ይልቅ ሊጠገን ይችል እንደሆነ ጠይቁት። ከጠበበ፣ አንዳንዴ ደረት ሳይከፈት በባሉን ይሰፋል።

ብዙ ሰው የሚረሳው የኋላውን ወጪ ነው። ሜካኒካል (ሰው ሠራሽ) ቫልቭ ረጅም ጊዜ ያገለግላል፤ ግን ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን የተባለ መድኃኒት ዕድሜ ልክ ያስወስዳል። ደሙ ለመርጋት የሚወስደውን ጊዜ የሚያሳየው፣ አይ ኤን አር የሚባለው የደም ምርመራም አይቀርም። ከእንስሳ የሚሠራው ቫልቭ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ዋርፋሪን አይፈልግም፤ ነገር ግን ከ10 እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ ሊያረጅና እንደገና ሊቀየር ይችላል። ታማሚዋ ወደፊት መውለድ የምታስብ ከሆነ ይህን ሳትደብቁ አንሱ፤ ዋርፋሪን ፅንስ ይጎዳል።

ስለዚህ ሳትሄዱ በፊት ድሬዳዋ ድል ጮራ ወይም ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል ጎራ በሉና አይ ኤን አር እዚያው ይሠራ እንደሆነ አጣሩ። ካልሆነ የመመላለሻውን ብር ሒሳቡ ላይ ጨምሩ።

ታማሚው ልጅ ነው? ጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል በነፃ ያክማል። ወረፋው ረጅም ነውና ዛሬውኑ አስመዝግቡ። የተበላሸ ጥርስም ካለ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይታከም፤ ከጥርስ የሚነሳ ኢንፌክሽን አዲሱን ቫልቭ ሊያጠቃ ይችላል።